የበሰለ አቮካዶን በፍሪዘር ማቆየት፦ ከገበያ ምርጫ እስከ ጁስ ብርጭቆ

ከሲዳማ ወይም ከወላይታ የመጣ ዘመድ ግማሽ ማዳበሪያ አቮካዶ ይዞ የገባበት ቤት ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም እንደ ድንጋይ ጠጣር ነው፤ የቤቱ ሰው በየጠዋቱ አንስቶ እየጨበጠ መልሶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሁለት ሦስቱ ይለሰልሱና ይበላሉ። ሳምንት ሲሞላው ግን የቀረው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይበስላል፤ ለቁርስ አቮካዶ፣ ለምሳ አቮካዶ፣ ለጎረቤትም በሰሃን አቮካዶ ሆኖ እንኳ የተረፈው ጠቁሮ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ዋጋው በረከሰበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በመደብ የገዛም ሰው ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

የበሰለ አቮካዶን በፍሪዘር አቆይቶ ከወራት በኋላ መጠቀም ይቻላል። ይሁን እንጂ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል፤ ፍሪዘር የአቮካዶን ጣዕም በሚገባ ያቆያል፣ ቅርጹንና ጥንካሬውን ግን አያቆይም። ስለዚህ ከፍሪዘር የወጣ አቮካዶ ለጁስ፣ በዳቦ ላይ ለመቀባት፣ ለልጆች ምግብና ተፈጭቶ ለሚቀርብ ሰላጣ ይሆናል፤ በስሱ ተቆርጦ በሰሃን ላይ ለሚደረደር ሰላጣ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ከዚህ አንድ እውነት የሚነሣ ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች አንድ ጊዜ ሞክረው የተዉትም ይህን ሳያውቁ እንደ ትኩስ አቮካዶ ሊቆርጡት በመፈለጋቸው ነው።

አቮካዶን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች

የተቆረጠ አቮካዶ የሚጠቁረው ስለበሰበሰ አይደለም። በውስጡ ፖሊፊኖል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ቢላዋ ወይም ሹካ ሕዋሳቱን ሲሰብራቸው ይህ ኢንዛይም አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይገናኝና ቡናማውን ቀለም ይፈጥራል። ሎሚ የሚረዳው ኮምጣጣነቱ የኢንዛይሙን ሥራ ስለሚያዳክመው፣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲም መጥቆሩን ስለሚከላከል ነው። ብርድ ግን ኢንዛይሙን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ያለ ሎሚና አየር ሳይወጣለት ወደ ፍሪዘር የገባ አቮካዶ እዚያው ሆኖ ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ በረዶው ሲለቅለት ደግሞ ይባስ ብሎ ዓይን እያየው መልኩ ይለወጣል።

ካሮት፣ ፎሶሊያ ወይም ጎመን ወደ ፍሪዘር ከመግባታቸው በፊት ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውኃ የሚነከሩት እንዲህ ያሉትን ኢንዛይሞች ለማጥፋት ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ የአቮካዶውም ጉዳይ እንደዚያው መስሎኝ፣ ስድስት ያማሩ አቮካዶዎችን ከትፌ የፈላ ውኃ ውስጥ ጨመርኩና ከአንድ ደቂቃ በኋላ አውጥቼ በቀዝቃዛ ውኃ አለቀለቅኋቸው። ቀለማቸው በእርግጥ የሚያኮራ ነበር፤ ጣዕማቸው ግን እሬት። አቮካዶ ሙቀት ሲነካው ይመርራል፤ ስለዚህ መጥቆሩን የምንከላከለው በሎሚና አየር በመከልከል ብቻ ነው።

ሁለተኛው አበላሽ በረዶው ራሱ ነው። ከሚበላው የአቮካዶ ክፍል 73 በመቶ ያህሉ ውኃ፣ 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ ቅባት ነው። ውኃው ቀስ ብሎ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራና ሕዋሳቱን ይቀድዳቸዋል፤ በረዶው ሲለቅ ውኃው ከተቀደዱት ሕዋሳት ይፈስሳል፣ የቀረውም ላሽቆ ይገኛል። በፍጥነት ሲረጋ ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሚሆኑ ጉዳቱ ይቀንሳል። አስቀድሞ የተፈጨ አቮካዶ ደግሞ የሚጠበቅ ቅርጽ ስለሌለው ጉዳቱ ጨርሶ አይታወቅበትም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው ከሁሉም መንገዶች ፈጭቶ ማስቀመጥን የማስቀድመው።

የትኛው አቮካዶ ለፍሪዘር ይሆናል?

ገበያ ላይ የሚገኘው አቮካዶ አንድ ዓይነት አይደለም። ከዘር የበቀለው አቮካዶ መልኩም፣ መጠኑም፣ የዘሩ ትልቀትም ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ ሀስ፣ ፉዌርቴ፣ ኢቲንገርና ናባል የተባሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ደግሞ ከጓሮው አቮካዶ ጎን እየተሸጡ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ሀስ ልጣጩ ሸካራ ሲሆን ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይለወጣል፤ ሌሎቹ ግን በስለውም አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ። በቀለም ብቻ የሚመርጥ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አረንጓዴውን «ገና ጥሬ ነው» ብሎ ሲጠብቅ ውስጡ ያልፍበታል፤ የጠቆረውን ሀስ ደግሞ «ተበላሽቷል» ብሎ ይተወዋል። ለፍሪዘር ክር ያለበትንና ውኃማውን ትተው ቅባታማና የላመ የሆነውን ይምረጡ፤ ይህንም ለማወቅ ከገዙት መካከል አንዱን ቀድሞ ቆርጦ ከመቅመስ የተሻለ ዘዴ የለም።

መብሰሉን ለመለየት አቮካዶውን በመዳፍዎ ይዘው በእጅዎ ሙሉ በቀስታ ይጫኑት። ትንሽ እሺ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ጣት ሲያርፍበት ጎድጉዶ ከቀረ አልፎበታል። በአውራ ጣት መጫን ግን ውስጡን ያበልዘዋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲቆረጥ የሚታዩት ጥቋቁር ጠባሳዎች ብዙውን ጊዜ የገዢዎች ጣት የተወው ምልክት ናቸው። አሁንም ካጠራጠረዎት ከዛፉ ጋር ያያያዘችውን ትንሽ ጉጥ በጥፍርዎ ጫፍ ይንቀሏት። በቀላሉ ተነሥታ ሥሯ አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው፤ ቡናማ ከሆነ ዘግይተዋል፤ አልነቀል ካለች ደግሞ ሌላ ቀን ይጠብቁ።

አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ጥሬውን ማፋጠን ሲፈልጉ በጋዜጣ ወይም በወረቀት ከረጢት ከበሰለ ሙዝ ጋር ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ መብሰሉን ያፋጥነዋል። ጥሬውን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን ስሕተት ነው፤ ብርዱ መብሰሉን ያውክና ውስጡ ግራጫ ሆኖ፣ ከፊሉ ጠጣር ከፊሉ ልም እንደሆነ ይቀራል። የበሰለው በተቃራኒው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይታገሣል። ይህም ብዙ አቮካዶ ላለው ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፦ ቀድመው የበሰሉትን በፍሪጅ እያቆዩ የቀሩትን ይጠብቁና፣ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ ያህል ሲደርስ ሁሉንም አንድ ላይ ያዘጋጁ። በየቀኑ አንድ አንድ አቮካዶ እየፈጩ ብሌንደር ማጠብ ያሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ሥራውን ያቋርጣል።

ፍሪዘር የገባበትን ያቆያል እንጂ ያለፈበትን አይመልስም። የላሸቀውንና ውስጡ የጠቆረውን «ፍሪዘር ይያዘው» ብሎ ማስገባት ቦታ ማባከን ነው።

ፍሪዘርዎን አስቀድመው ይወቁት

አቮካዶ ለወራት የሚቆየው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ነው። በብዙ ቤት ያለው ፍሪጅ ግን በላይኛው በኩል ትንሽ የበረዶ ማስቀመጫ ብቻ ያለው ነው፤ የዚህን አቅም ለማወቅ በሩ ላይ የተቀረጹትን ኮከቦች ይመልከቱ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ማለት ነው። ባለ አንድ ኮከቡ ለሳምንት ያህል፣ ባለ ሁለት ኮከቡ ለወር ያህል ያቆያል፤ ከዚያ በላይ ለማቆየት ባለ ሦስት ኮከብ ወይም ዲፕ ፍሪዘር ያስፈልጋል። ኮከብ ከሌለው አይስክሬም በማስቀመጥ ሊፈትኑት ይችላሉ፤ አይስክሬሙ በማግስቱ ማንኪያ በቀላሉ የሚገባለት ሆኖ ከተገኘ ፍሪዘሩ ለወራት ማቆያ የሚሆን ብርድ የለውም።

መጠኑም ይታሰብበት። ፍሪዘርን በአንድ ቀን ያለቅጥ ካጨናነቁት ሁሉም ቀስ ብሎ ይረጋል፣ ቀስ ብሎ መርጋት የሚያመጣውን ጉዳትም ከላይ አይተናል። 100 ሊትር በሚይዝ ፍሪዘር ውስጥ በ24 ሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ አዲስ ነገር ብቻ ማስገባት ተገቢ ነው።

ሌላው ጉዳይ ሽታ ነው። ቅባት ያለው ነገር ሁሉ የጎረቤቱን ሽታ ይስባል፤ ከተከፈተ የበርበሬ ዕቃ ወይም ከዓሣ አጠገብ በስስ ፌስታል የተቀመጠ አቮካዶ በወሩ የራሱ ጣዕም አይኖረውም። ጥሬ ሥጋ በተለየ ዕቃ ከታች፣ አቮካዶው ከላይ ይሁን፤ ደሙ ወደ አቮካዶው እንዳይንጠባጠብ ለንጽሕናው ሲባል ነው፣ በጾም ለሚጠቀሙበት ቤተሰብ ደግሞ ከንጽሕናም ያለፈ ምክንያት አለው።

ፈጭቶ ማስቀመጥ፦ ዋናው መንገድ

ሥራውን በመታጠብ ይጀምሩ። የምንጥለውን ልጣጭ ማጠብ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የናሙና ምርመራ ውጤት፣ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የተባለው ባክቴሪያ ከተመረመሩት የልጣጭ ናሙናዎች 18 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ሲገኝ፣ ከውስጠኛው ክፍል ናሙናዎች ግን የተገኘው ከ1 በመቶ ባነሱት ላይ ነው። ያልታጠበ ልጣጭ ላይ ያረፈ ቢላዋ የውጩን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ብርድም ይህን ባክቴሪያ አይገድለውም። በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ሰው ባለበት ቤት ሁሉንም በሚፈስ ውኃ ሥር በብሩሽ ፈትገው ያጥቡና በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። እግረ መንገዴን፣ አቮካዶን ሙሉውን በውኃ ውስጥ ነክሮ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት እንደ ብልኃት ሲነገር ይሰማል፤ ይኸው መሥሪያ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው በዚሁ ባክቴሪያ ምክንያት ነውና አያድርጉት።

ቀጥሎ አቮካዶውን በመክተፊያ ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በርዝመቱ ይቁረጡትና ሁለቱን ግማሾች በተቃራኒ አቅጣጫ አዙረው ያላቅቋቸው። ዘሩን በማንኪያ ያውጡ። በቢላዋ ጫፍ መትቶ ማውጣት በቪዲዮ ሲታይ የሚያምር ቢሆንም፣ ዘሩ ሲያንሸራትት ቢላዋው የሚያርፈው በያዘው መዳፍ ላይ ነው። ከዚያ ልጣጩንና ውስጡን በማንኪያ ይለያዩ፤ ከልጣጩ አጠገብ ያለውን ጥቁር አረንጓዴ ክፍል አይተዉት፣ የጁሱ ቀለም የሚያምረው በእርሱ ነውና። የበለዘውን፣ የጠቆረውንና ክር ያለበትን ቆርጠው ይጣሉ። ከ5 ኪሎ አቮካዶ ልጣጩና ዘሩ ወጥቶ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ከ3 ኪሎ ትንሽ ከፍ የሚል ነው፤ ዘሩ ትልቅ የሆነው የጓሮ አቮካዶ ሲሆን ከዚህም ያንሳል።

የሎሚው መጠን ለሁለት መካከለኛ አቮካዶዎች አንድ የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ ነው፤ ጭማቂ ያለው አንድ ሎሚ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህል ይወጣዋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ከመጠኑ አያንስም። ብዙዎች አቮካዶውን ሁሉ ከላጡ በኋላ ሎሚ ፍለጋ ይነሣሉ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ግን በዚያው መካከል መጥቆር ጀምሯል። ሎሚዎቹን አስቀድመው ይጭመቁ፣ ፍሬያቸውንም ያጥልሉ፣ ጭማቂውን በጎድጓዳ ሳህን ሥር ያድርጉና አቮካዶውን ከልጣጩ በቀጥታ ወደዚያው እየጣሉ ያገላብጡት። የሎሚ ጣዕም ለማይፈለግበት ምግብ፣ ለምሳሌ ለልጆች፣ ቀለምና ጣዕም ያልተጨመረበት የአስኮርቢክ አሲድ ዱቄት ካገኙ አንድ ሊትር ለሚሆን የተፈጨ አቮካዶ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ይበቃል። ዘሩን ከተፈጨው ጋር ማስቀመጥ እንዳይጠቁር ያደርገዋል የሚባለው ግን እምነት ነው፤ ዘሩ የሚከላከለው የተቀመጠበትን ቦታ ከአየር ስለጋረደው ብቻ ነው።

አሁን ይፍጩት። ለዳቦ ከሆነ በሹካ መጨፍለቅ ይበቃል፤ ለጁስ ከሆነ በብሌንደር ቢፈጩት ይላማል። ብሌንደሩ አልዞር ቢልዎት ውኃ ከመጨመር ይልቅ በየመካከሉ እያቆሙ በማንኪያ ይግፉት፤ የተጨመረው ውኃ ነገ በረዶ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ስኳር፣ ወተትና ጨው በዚህ ጊዜ አይጨመሩም። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያም እንዲሁ፤ ቲማቲሙ ውኃ ይለቅቃል፣ ሽንኩርቱ ሽታውን ለሁሉም ያጋባል፣ ቃሪያውም ይለሰልሳል። አቮካዶውን ብቻውን ካስቀመጡት ከአንዱ ከረጢት ጁስም፣ የዳቦ ቅብም፣ ሰላጣም ሊሠሩ ይችላሉ።

ማሸጉ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ ነው። ዚፕ ያለው ወፍራም የፍሪዘር ከረጢት ካለዎት አፉን ወደ ውጭ ገልብጠው በረጅም ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙትና 300 ግራም ያህል፣ ማለትም ለሁለት ብርጭቆ ጁስ የሚበቃ፣ ይጨምሩበት። አፉን መልሰው ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት፤ በመዳፍዎ ከሥሩ ጀምረው ወደ አፉ እየገፉ የአንድ ተኩል ሴንቲሜትር ውፍረት እስኪኖረው ድረስ ይደልድሉት፣ አየሩ በሙሉ ሲወጣም ይዝጉት። እዚያው ላይ በቢላዋ ጀርባ መስቀልኛ ቢያሰምሩበት፣ ሲረጋ መስመሩ ጎድጉዶ ስለሚቀር በፈለጉ ጊዜ እንደ ቸኮሌት ሩቡን ብቻ ሰብረው ያወጣሉ። ጠፍጣፋ መሆኑ ቶሎ እንዲረጋ፣ ቶሎ እንዲለቅ፣ በፍሪዘርም ውስጥ እንደ መጽሐፍ ተደርድሮ ቦታ እንዲቆጥብ ያደርገዋል። የገበያ ስስ ፌስታል ግን አየርና ሽታ ስለሚያስገባ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ከረጢት ከሌለ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይሆናል። ውኃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ከላይ የሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት ይተዉ፣ በላዩም ስስ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ አቮካዶውን እስኪነካ ድረስ አልብሰው ክዳኑን ይግጠሙ። የማር ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልቼ በማግስቱ ከአንገቱ ተሰንጥቆ ያገኘሁ ስለሆንኩ፣ ለብርጭቆ ዕቃ ይህ ክፍተት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም፤ ያ አቮካዶ ከነስባሪው ተጣለ። በበረዶ መሥሪያ ትሪ ማርጋትም ጥሩ ዘዴ ነው፦ ትሪውን ሞልተው በላስቲክ ይሸፍኑት፣ ሲረጋ ኩቦቹን አውጥተው ወደ ከረጢት ይገልብጧቸው። ለልጅ ምግብ አንድ ሁለት ኩብ ብቻ ማውጣት ለሚፈልጉ ከዚህ የሚመች የለም።

በእያንዳንዱ ላይ ቀኑንና መጠኑን በማርከር ይጻፉ፤ ከረጢቱ እርጥብ ሲሆን ማርከር አይዝም፣ ስለዚህ ከመሙላትዎ በፊት ይጻፉት። በመጀመሪያው ሌሊት ከረጢቶቹን ሳይደራርቡ ከፍሪዘሩ ቀዝቃዛ ግድግዳ ወይም ወለል ጋር አስነክተው ያስተኟቸው፤ ከረጉ በኋላ መደርደር ይችላሉ።

ተከትፎ ወይም ለሁለት ተከፍሎ

መፍጫ ለሌለው ወይም ጊዜ ላጠረው ሰው ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በሁለት ሴንቲሜትር ውፍረት መክተፍ ነው፦ ክትፎውን በሎሚ ጭማቂ በቀስታ ለውሰው፣ ላስቲክ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ሳይነካኩ ይዘርጉት፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲጠጥር ወደ ከረጢት ይክተቱትና አየሩን ያውጡ። በትሪ ሳይረጋ በቀጥታ ከረጢት ውስጥ የገባ ክትፎ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ስለሚሆን በዘነዘና ካልሆነ አይላቀቅም።

ሁለተኛው ለሁለት ተከፍሎና ተልጦ፣ ዙሪያው ሎሚ ተቀብቶ፣ እያንዳንዱ ግማሽ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ነው። የዘሩ ጉድጓድ አየር ስለሚይዝ ላስቲኩ ወደ ጉድጓዱ ተጭኖ መግባት አለበት። ከሦስቱ ዘዴዎች ደካማው ይህ ነው። ከነልጣጩ ሙሉውን ማስገባትን ግን አልመክርም፤ በረዶው ሲለቅ ውስጡ ውኃ ያዘለ ስፖንጅ ይመስላል።

መብራት ሲጠፋ

እኛ አገር ፍሪዘር ያለው ሰው ስለ መብራት ሳያስብ አይውልም። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ብርዱን ለ48 ሰዓት ያህል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለ በውኃ ጠርሙሶች ይሙሉት፤ የረጋው ውኃ ብርድ ያጠራቅማል። መብራት ሲጠፋ «ቀልጦ ይሆን?» ብሎ እየከፈቱ ማየት ራሱ ማቅለጥ ነው።

ከቤት ርቀው ለሚሰነብቱ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። በትንሽ ኩባያ ውኃ ያርጉና በበረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው ፍሪዘር ውስጥ ይተዉት። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ምንም አልሆነም፤ ወደ መሐል ወርዶ ከሆነ በከፊል ቀልጦ ነበር፤ ከሥር ተቀብሮ ከተገኘ ግን ሁሉም ቀልጦ እንደገና የረጋ ስለሆነ አቮካዶውን አይጠቀሙበት። ገና በረዶ እያለበት ወይም እንደ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ሆኖ የደረሱበትን ግን መልሰው ማርጋት ይችላሉ፤ ቀለሙና ልስላሴው ቢጎድልም አይጎዳም።

ከፍሪዘር ማውጣትና መጠቀም

ለጁስ ማቅለጥ አያስፈልግም። በመስመሩ ሰብረው ግማሹን ከረጢት፣ ማለትም 150 ግራም ያህሉን፣ ከግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውኃ ጋር ብሌንደር ውስጥ ይጨምሩት፤ ስኳሩና ሎሚው እንደ ምርጫዎ ነው። በረዶው ራሱ ስለሚያወፍረው በጁስ ቤት እንደሚቀርበው በማንኪያ የሚበላ ሆኖ ይወጣል። ስፕሪስ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሉ በሙሉ የቀለጠ አቮካዶ ስለሚቀጥን ከማንጎውና ከፓፓያው ጋር ይቀላቀላል፤ ከፊሉ በረዶ እንዳለ ተፈጭቶ ወዲያው ከተቀዳ ግን ድርብርቡ መስመሩን ይጠብቃል፣ ቪምቶውም በብርጭቆው ዳር ሲንጠባጠብ እንደሚገባው ቁልቁል ይወርዳል።

ለዳቦና ለሰላጣ የሚሆነውን ከዋዜማው ማታ ወደ ፍሪጁ ያውርዱት። ቸኩለው ከሆነ የታሸገውን ከረጢት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ጠፍጣፋው ከረጢት በግማሽ ሰዓት ገደማ ይለቅቃል። ሙቅ ውኃም ሆነ ማይክሮዌቭ አይጠቀሙ፤ እሬቱን ያስታውሱ። ውኃ ከለቀቀ በማንኪያ ቢያማስሉት ይዋሃዳል፤ ትኩስ ሎሚ፣ ጨው፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም የሚጨመሩት አሁን ነው። ለመጠቀም ብለው አንዴ ያቀለጡትን በፍሪጅ አስቀምጠው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጨርሱት እንጂ መልሰው ወደ ፍሪዘር አያስገቡት።

ጥሩ ጣዕሙን ጠብቆ የሚቆየው ለሦስት ወር ያህል ነው፤ በሚገባ የታሸገው እስከ ስድስት ወርም ይጠቅማል። ለሁዳዴ ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ከቅበላ በፊት ባለው ሰሞን ቢሠራው 55ቱን ቀን ያለ ሥጋት ያዳርሰዋል። ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ችግር ቅባቱ ነው፤ ቅባት በብርድ ውስጥም ሆኖ ቀስ በቀስ ይለወጥና እንደ ከረመ ዘይት መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሽትቱት። የከረመ ዘይት ከሸተተ ወይም ሲቀምሱት ጉሮሮ ከከረከረ ይጣል። ሽታው ደኅና ሆኖ ላዩ ብቻ ስስ ቡናማ ከያዘ ያንኑ በማንኪያ ጠርገው ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ይጠቀሙ፤ የተጠረገውንም ለፀጉራቸው የሚፈልጉት ከቤተሰቡ አይጠፉም።